ጥናቱ ከመንደር ተነስቶ መንደር እንዲመለስ፦ ዩኒቨርሲቲና ማኅበረሰብ አብረው ጤናን የሚያጠኑበት ዝርዝር መመሪያ

ከዓመታት በፊት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ አንድ ገጠር ቀበሌ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት አንዲት እናት ቡና ይቆላሉ። መጠይቄን ከቦርሳዬ ሳወጣ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ አምናም መጥታችሁ ጣቴን ወግታችሁ ሄዳችኋል። ደሜ ምን አለ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አምና የመጡት እነማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ወንበር ሰጡኝ፣ ቡናውንም አጠጡኝ። መጠይቁንም እስከ መጨረሻው መለሱልኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ጥያቄ ተመልሶ እንዳይጠየቅ ነው። የምጽፈውም ለወጣት መምህራን፣ ለማስተርስ ተማሪዎች፣ ለወረዳ ጤና ባለሙያዎችና ለዕድር መሪዎች ነው። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ተመራማሪ ደጃቸው ለሚመጣባቸው ሰዎች የሚሆን ነገር አለ።

ልምዱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ጨረሰ። በማግስቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ እየወጡ ይማሩ ነበር። ጅማ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲከፈት ገና ከጅምሩ ትምህርቱን ማኅበረሰቡ ውስጥ አደረገ። ቡታጅራ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመሩት ክትትል አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ፣ ሐሮማያ ደግሞ ቀርሳ ላይ የየራሳቸው የክትትል ጣቢያ አላቸው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተና ማን እንደታመመ ቤት ለቤት ይመዘገባል። ብዙ ሞት ቤት ውስጥ በሚሆንበት አገር እንዲህ ያለ መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከመንደሩ ውሰዱ

ብዙ ፕሮፖዛል ቢሮ ውስጥ ይጻፍና ከዚያ «የት እናጥናው?» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥሩ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚጠብቀን።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ ከውጭ ትምህርት የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ወረዱ። የቢልሃርዚያ ትል ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሳያልፍ ሰው ላይ አይደርስም። ስለዚህ አክሊሉ ወንዝ ለወንዝ ቀንድ አውጣ ይፈልጋሉ። አንድ ቦታ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ቀንድ አውጣ በዕቃ ተደርጎ የእንዶዱ አረፋ ሲጨመርበት እዚያው ሞተ።

እንዶድን አያቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ነጠላ ያነጣል። ያ የወንዝ ዳር አጋጣሚ ግን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የብዙ ዓመት ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት አድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ ተሞከረ። ቢልሃርዚያ የተገኘባቸው ሰዎች ድርሻ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሰ ወልደዮሐንስ በ1989 ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እኔን ደስ የሚለኝ የሥራው አነሳስ ነው። ተመራማሪው ቆም ብሎ የሴቶቹን ልብስ አጠባ ባያይ ኖሮ ይህ ሁሉ የለም።

እናንተስ? ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን እዚያ ዋሉ። አንዱን ቀን ጤና ጣቢያ ቁጭ በሉና የተመላላሽ ታካሚ መዝገቡን አገላብጡ። ሁለተኛውን ቀን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ዙሩ። የትኛው ቤት ልጅ እንደሞተ፣ የትኛዋ እናት ክኒኑን እንደተወችና ለምን እንደተወች ታውቃለች። ሦስተኛውን ቀን ለወሬ ስጡት። ቡና ላይ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ፣ ዕድር ላይ ተቀመጡ። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ አምና ቤታችሁን በጣም ያስቸገረው ሕመም ምንድን ነው? ምን አደረጋችሁ? ስንት ብር ፈጀ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰው ሁሉ አፉ ይፈታል።

ከዚያ የጥናቱን ጥያቄ በአንድ መስመር በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጻፉት። ለእናታችሁ አንብቡላት። «እና ይሄን ማወቅ ለምን ይጠቅማል?» ካለቻችሁ ገና አልበሰለም።

ደረጃ 2፦ ጠረጴዛው ላይ ማን ይቀመጥ?

የጋራ ጥናት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የውጭ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱም አንድ አጋር ነው፤ ላቦራቶሪና ገንዘብ ይዞ ይመጣል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ግን ከዚያ በፊት መቀመጥ አለበት። ጥናቱ አልቆ እናንተ ስትሄዱ የሚቀረው እሱ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ቄሱ ወይም ሼኹም ይኑሩ። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውም ይኑሩ። የመጨረሻዎቹ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ስለ እግር እብጠት ተሰብስቦ የሚነጋገር ሰው መሃል ያበጠ እግር ያለው አንድም ሰው ከሌለ ስብሰባው ጎደሎ ነው።

ሐኪም፣ ስታቲስቲክስ ባለሙያና ነርስ ብቻ መሆንም አይበቃም። የውሃ ጉዳይ ከሆነ የውሃ መሐንዲስ፣ የምግብ ጉዳይ ከሆነ ከግብርና አንድ ሰው ጥሩ። የቋንቋና የማኅበረሰብ ሳይንስ ሰዎች ደግሞ መጠይቃችሁን ከመቀለጃነት ያድኑታል።

ከዚያ ጻፉ፣ ተፈራረሙ። «ወንድማማቾች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» አትበሉ። ወረቀቱ ላይ መኖር ያለባቸው ነገሮች ቀላል ናቸው፦ ማን ምን ይሠራል፣ ብሩ በማን በኩል ይወጣል፣ መረጃው የት ይቀመጣል፣ የደም ናሙና ከአገር ይወጣል ወይ፣ ከወጣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ሥራ ብቻ፣ ጽሑፉ ላይ የማን ስም ይገባል፣ የሚሸጥ ነገር ቢገኝ ድርሻው የማን ነው። የመጨረሻው ነጥብ የቅንጦት መስሎ ይታያል። የእንዶድን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያየ ግን አይንቀውም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1990 ለክብር ዶክትሬት ወደ አሜሪካ ኦሃዮ፣ ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እዚያ የሐይቁን ውሃ ቧንቧ የሚደፍን ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ አስቸግሮ ነበር። እንዶድ በእሱም ላይ ተሞከረና ሠራ። የፈጠራ መብቱ ግን በዩኒቨርሲቲው ስም ወጣ። ዘመን የቆየ የኢትዮጵያ እናቶች ዕውቀት ሌላ አገር መዝገብ ላይ ሲሰፍር ማየት ያማል። ስለዚህ ገና ምንም ሳይገኝ፣ ፍቅር ሳለ ተነጋገሩ።

ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትሠሩ ወገኖችም እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አላችሁ። በሁለቱም ወገን ያለውን ቋንቋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ውሉን አንብቡልን።

ደረጃ 3፦ ስምምነት ከመጠየቃችሁ በፊት አድምጡ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ጥናት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር ዝሆኔ አለ። ትንኝ አያመጣውም፤ ከሰው ሰውም አይተላለፍም። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ይህንን በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳየው እንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ሆኖም ያንኑ አፈር ረግጠው የማይታመሙም ብዙ ናቸው። ለምን? የኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተመራማሪዎች አብረው ወላይታ ላይ የዘር ጥናት ሠሩ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር የበለጠ ተጋላጭ እንደሆነ አሳየ።

ደም ከመውሰዳቸው በፊት ግን አንድ ሥራ ሠርተዋል። ሰዎቹን፣ ቤተሰቦቻቸውንና የአካባቢ ሽማግሌዎችን ቁጭ ብለው ጠየቁ። ይህ ጥናት ለእናንተ ምን ማለት ነው? ምን ያስፈራችኋል? የመጣው ስጋት ቢሮ ውስጥ በቀላሉ የማይታሰብ ነበር። «በዘር ነው» ከተባለ ቤተሰቡ በሙሉ ይገለላል፣ ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል። ተመራማሪዎቹም ስምምነቱን የሚጠይቁበትን መንገድ በዚሁ መሠረት አስተካከሉ። ዛሬ ይህ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ ይባላል። ጥቂት ሳምንት ቢፈጅ ነው።

የስምምነት ቅጹን ከእንግሊዝኛ አትተርጉሙት። አዲስ ጻፉት። የኔ ቡድን ለደም ግፊት ጥናት የተጠቀመበት እንዲህ ይል ነበር፦

«እኛ ከዩኒቨርሲቲ ነን። ይህ ሕክምና አይደለም፣ ጥናት ነው። የደም ግፊትዎን እንለካለን፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም እንጠይቅዎታለን። ግፊትዎ ስንት እንደሆነ አሁኑኑ እንነግርዎታለን። ከፍ ካለ ጤና ጣቢያ ይዘውት የሚሄዱት ወረቀት እንሰጥዎታለን። ብር አንከፍልም። ካልፈለጉ ይተዉት። ቢተዉት ከጤና ጣቢያም ከሴፍቲኔትም የሚቀርብዎ ነገር የለም። መሃል ላይ ቢሰለችዎም ማቆም ይችላሉ።»

የሴፍቲኔቷን ቃል ያስጨመረችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። «እሱን ካላላችሁ ሁሉም እሺ ይላችኋል፤ ፈርቶ ነው እሺ የሚለው» አለችን። ልክ ነበረች።

ካነበባችሁ በኋላ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። ይልቅ «እስቲ አሁን የነገርኩዎትን ለጎረቤትዎ ቢነግሯት እንዴት ይሏታል?» በሉ። የሳተውን ያኔ ትሰሙታላችሁ። ሌላም ነገር አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤቱን ያሳዩአችሁ፣ ግን ጥያቄው ሲጀመር አጠገባችሁ አይቁሙ። ሊቀ መንበሩ እያዩ እምቢ የሚል የለም።

ደረጃ 4፦ ፈቃድና በጀት

ፈቃዱ ሰንሰለት ነው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል። እንደ ጥናቱ ዓይነት ወደ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ጊዜ ስጡት። ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ስምና የጤና መረጃ በአንድ ፋይል ታብሌት ላይ ተሸክሞ መዞር ድሮም ነውር ነበር፣ አሁን ሕግም አለበት። ስም በአንድ ፋይል፣ መልስ በሌላ ፋይል፣ ማገናኛው የኮድ ቁጥር ብቻ።

በጀቱ ላይ አንድ ልመና አለኝ። አበልና ነዳጅ ከጻፋችሁ በኋላ ሁለት መስመር ጨምሩ። አንደኛው የታመመ ሰው ስታገኙ ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ የሚሆን ነው። ሁለተኛው ውጤቱን ይዛችሁ የምትመለሱበት ነው። መኪና፣ የስብሰባ ቡናና ዳቦ፣ የሚታደል ወረቀት። ያኔ እናትየዋ «ደሜ ምን አለ?» ያሉኝ እነዚህ ሁለት መስመሮች በጀቱ ውስጥ ስላልነበሩ ነው። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ብሩ አልቆባቸው ነው።

ማወዳደሪያ ቡድን ካላችሁ እሱም ባዶ እጁን እንዳይቀር። ምሥራቅ ጎጃም ላይ 696 የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ግማሹ ወዲያው እግር አጠባ በሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ አገኘ። ሌላው ግማሽ ከ12 ወር በኋላ ያንኑ አገኘ። ሳይንሱም አልጎደለ፣ ሰውም አልተከዳ።

ደረጃ 5፦ ሜዳ ላይ

መረጃ ሰብሳቢዎችን ከአካባቢው ቅጠሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች የሰፈር ልጅ ከከተማ ከመጣ ተመራቂ የበለጠ ትታመናለች። ነገር ግን ስለ ውርጃ፣ ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ ባል ዱላ የምትጠይቁ ከሆነ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ጎረቤቷ ለሆነች ጠያቂ ማንም ምስጢሩን አይነግርም። ከሌላ ቀበሌ አምጡ።

መጠይቁን በአካባቢው ቋንቋ አዘጋጁ፣ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው፣ ሁለቱን አስተያዩ። ከዚያ ከጥናቱ ቀበሌ ውጭ ጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሩት። አንድ ጊዜ «ጭንቀት ይሰማዎታል?» ብለን ስንጠይቅ አንድ ገበሬ «ዝናብ ከቀረ ማን የማይጨነቅ አለ?» አሉን። ጥያቄያችን ሕመሙን ከኑሮው አልለየም ነበር። ቀየርነው።

ቀን ምረጡ። ደጋ ላይ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ አትሂዱ። ክረምት መንገዱ ይዘጋል። የገበያ ቀን ቤት ባዶ ነው። ሥራ የማይሠራበት የወር በዓል ግን ጥሩ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ አባወራውን ቤት ታገኙታላችሁ። የስኳር ምርመራ ካለ የጾም ወቅትን አስታውሱ። ረመዳንን ደግሞ አትርሱ።

አሁን አንድ ልኬት ከቅርብ እንይ፤ የደም ግፊት። ሰውየው ከማሳ ሮጠው መጥተዋል። ወዲያው ከለካችሁ ቁጥሩ ይዋሻል። ወንበር ወይም መደብ ላይ ያስቀምጧቸው፣ ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው መሬት ይንካ፣ አይቆላለፍ። አምስት ደቂቃ ዝም ይበሉ። ክንዳቸው በልባቸው ልክ ይረፍ፤ ትራስ ከሌለ የታጠፈ ጋቢ ይበቃል። ጨርቁን በሸሚዝ ላይ አታስሩ። ሦስት ጊዜ ለኩ፣ በየመሃሉ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አማካይ ያዙ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ማለፍ አለበት። እኛ አገር ደግሞ እንግዳ ሲገባ ቡና ይቀርባል። ስለዚህ ገና ስትገቡ «መጀመሪያ እንለካ፣ ቡናውን ከዚያ አብረን እንጠጣለን» በሉ። ማንም አይቀየምም።

140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የመላኪያ ወረቀት ስጡ። 180 በ120 ካለፈና ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ወይም የዓይን ብዥታ ካለ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረሱ። መጠይቁ ይቆይ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዳለው ደግሞ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ፤ የሌለ መድኃኒት ጋ ሰው መላክ ማሰናከል ነው።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን መልሱ

ይህ ነው የመመሪያው ልብ። ውጤት የሚመለሰው በሦስት ፍጥነት ነው። ለሰውየው የራሱ ውጤት እዚያው፣ ላቦራቶሪ ከሆነም በተቀጠረ ቀን። ለቀበሌውና ለወረዳው ጥቂት ወር ባልሞላ ጊዜ። ለምርምር መጽሔቱ መቼም ይሁን። ብዙዎቻችን ከመጽሔቱ እንጀምራለን፣ ሌሎቹ ላይ ሳንደርስ ጊዜያችን ያልቃል።

ለቀበሌው ስትናገሩ በመቶኛ አትናገሩ። ባቄላ ያዙ። ከላይ ያነሳሁትን የምሥራቅ ጎጃም ጥናት ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም እንዲህ የሚል ነበር፦ እንክብካቤ ያላገኙት ሰዎች በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ እግራቸው እየተቆጣ በሕመምና በትኩሳት ተይዘዋል፤ ያገኙት ደግሞ 19.4 ጊዜ። ይህ በወረቀት ላይ ደረቅ ነው። አሁን 24 ባቄላ ሰፌድ ላይ አስቀምጡ። «ይህ አንድ ሰው በዓመት የሚታመምበት ጊዜ ነው» በሉ። ከዚያ አራት ተኩል ያህሉን አንሱ፤ አንዷን ባቄላ ክካችሁ ግማሹን መልሱ። «እግር ማጠብና ጫማ ማድረግ ያስቀረው ይህን ነው።» አንድ ባቄላ ማለት አንድ ሰው ሳያርስ፣ ውሃ ሳይቀዳ፣ ገበያ ሳይሄድ የተኛባቸው ቀናት ናቸው። ሰዉ ባቄላዋን አይቶ ሒሳቡን ራሱ ይሠራዋል። የቀሩትን ባቄላዎችም አትደብቁ። ገና ብዙ ናቸው፤ ሰውም ያንን ማወቅ አለበት።

ቦታው ዕድር ይሁን፣ የልማት ቡድን ስብሰባ ይሁን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ ይሁን፣ የማንንም ስምና ቤት አታንሱ። «በአንድ ጎጥ» ማለት እንኳ አንዳንዴ ቤቱን ያሳያል። መጥፎ ውጤትም ይነገር። የጠበቃችሁት ነገር ካልሠራ «አልሠራም» በሉ።

ደረጃ 7፦ ከወረቀት ወደ አገልግሎት

ቡታጅራን እንደገና ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ሰዎች፣ ከነሱም ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ከውጭ አጋሮች ጋር ሆነው ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ጠየቁ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ብዙዎቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። በየቤቱ ታስሮ የኖረም ነበር። ጥናቱ ቆጥሮ ብቻ አልሄደም። ቡታጅራ ላይ የአእምሮ ሕክምና ተጀመረ፣ ሰዎቹም ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው።

ከዚያ ቀጣዩ ጥያቄ መጣ። ቡታጅራ ሆስፒታል ድረስ መምጣት ለማይችለው ገበሬስ? የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ቢሠለጥኑ ያው ውጤት ይገኛል ወይ? ይህንን የፈተሸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። በጤና ጣቢያ የታከሙት በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከታከሙት አላነሱም። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የትራንስፖርት ብርና የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለአገር ደግሞ ሐኪም እስኪበቃ ሳንጠብቅ ሕክምናውን ማድረስ እንችላለን ማለት ነው። አንዱ ጥናት ሌላውን እየወለደ ሃያ ዓመት ያህል ሄዶ ነው እዚህ የደረሰው። የጋራ ጥናት ጥቅም እንዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው።

የእናንተ ትንሽ ከሆነም መንገዱ ያው ነው። ሁለት ገጽ ጻፉ፣ በአማርኛ ወይም በክልሉ የሥራ ቋንቋ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የዓመት ዕቅድ ከማውጣቱ በፊት አድርሱ። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በነሐሴ የመጣ ጥሩ ሐሳብ ዓመት ይጠብቃል። አንድ የሚደረግ ነገር ለዩ፣ የሚያደርገውን ሰው ለዩ። «ግንዛቤ ይፈጠር» ብላችሁ አትጨርሱ። «ጤና ኬላው ሐሙስ ሐሙስ ግፊት ይለካ፣ መለኪያውን ዩኒቨርሲቲው ይስጥ፣ ባትሪውን ወረዳው ይግዛ» በሉ።

ተመራማሪ ደጃችሁ ሲመጣ

ይህ ክፍል ለተጠያቂው ነው። አገር ቤትም ሁኑ፣ አሜሪካ ወይም እስራኤል፣ ጥናት ላይ ተሳተፉ የሚላችሁ ይመጣል። መጥፎ ነገር አይደለም፤ እኛ ያልተሳተፍንበት ጥናት ስለ እኛ አይናገርም። ግን ጠይቁ። ከየት ነው የመጣችሁ? ማን ፈቀደላችሁ? ደሜ የት ይሄዳል፣ መቼ ይጣላል? የኔን ውጤት መቼ ታሳውቁኛላችሁ? ችግር ቢገጥመኝ ማንን ልጥራ? ለጥያቄ የሚቆጣ ተመራማሪ ከመጣ «አልፈልግም» ማለት መብታችሁ ነው። የስምምነቱን አንድ ቅጂም እጃችሁ ላይ አስቀሩ።

የዕድር መሪዎች ደግሞ አንድ ደብተር ያዙ። ማን መጣ፣ መቼ፣ ምን አጠና፣ መቼ እመለሳለሁ አለ። ቀኑ ሲያልፍ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ደውሉ። ስልኩን ሲመጡ ነው የምትቀበሉት።

ከደም ግፊት ጥናታችን በኋላ ውጤቱን ይዘን የተመለስንበት ቀን ትዝ ይለኛል። እሑድ ነበር፣ ዕድሩ ድንኳን ሥር። ባቄላውን ቆጠርን፣ ጨው ቀንሱ አልን። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን አወጡ። «ጨው ቀንሱ አላችሁን፤ እሺ። እኔ ግን ወጥ ላይ ጨው ብዙም አልጨምርም። ጨውን በርበሬው ሲዘጋጅ ነው የምንጨምረው፤ ሽሮውም ላይ አለ። እዚያ ውስጥ ስንት እንዳለ ሳላውቅ ስንቱን ልቀንስ?»

እርስ በርስ ተያየን። መጠይቃችን «ምግብ ላይ ጨው ይጨምራሉ?» ብሎ ብቻ ነበር የጠየቀው። ደብተሬን አወጣሁና እዚያው ድንኳኑ ሥር ጻፍኩት፦ አንድ ማንኪያ በርበሬ ውስጥ ስንት ጨው አለ? ሴትዮዋን ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ የቀጣዩ ጥናት ስብሰባ ላይም ወንበር ያዝንላቸው።